ከየቤቱ አንድ ሰው

የሰፈሩ ሰው «አባ ካውያ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ልብስ አጥበውና ተኩሰው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ጎረምሶች ለቀልድ ብለው ነበር፤ እሳቸውም መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቆይተው ለመዱት፣ በመጨረሻም በላውንደሪያቸው በር ላይ በትልቁ አስጻፉት። ያኔ እንዲህ ተጫዋች ነበሩ። ትልቋ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ግን ጨዋታ ከዚያ ቤት ወጥቷል። ካውያውን ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሰላም ላላቸው ሁሉ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ በቃ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ዱብ ዱብ ሲል መንገደኛው ሁሉ ያገኘው በረንዳ ሥር ተወሸቀ። አንዲት ጃንጥላ ያልያዘች ወጣት ቦርሳዋን በራሷ ላይ ደፍታ እየሮጠች ላውንደሪው ውስጥ ገባች። ፊቷን በመሐረብ ስትጠርግ ነው አባ ካውያ ያወቋት። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከትልቋ ልጃቸው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ የተማረች፣ አሁን መምህርት የሆነች። ከቀብሩ ወዲህ የሟች ጓደኛዋን አባት ዓይን ማየት እየከበዳት በላይኛው መንገድ ዞራ ስታልፍ ነው የከረመችው። የት እንደገባች ስታውቅ ልትመለስ ቃጣት፤ ዝናቡ ግን አላስወጣ አላት።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል» አሉና ከተንጠለጠሉት ኮቶች ሥር በርጩማ ሳቡላት።

ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ የሰው ሁሉ ልብስ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች። በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ ትንሿ ልጃቸው የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ከጠረጴዛው ስላላስጠጋት እጇን ዘርግታ ነው የምትሠራው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ደግሞ ባለቤታቸው የወለቀ ቁልፍ ይተክላሉ።

መምህርቷ ትንሿን ልጅ ባየች ጊዜ ዓይኗ ሆዷ ላይ ቀረ። አባ ካውያም አዩዋት፤ ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ሰፈሩንና ጤና ጣቢያውን አንድ ፈፋ ይለያቸዋል። በበጋ ሰው በድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ ይሻገረዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ከብት ይወስዳል። ትልቋ ልጅ ምጥ የያዛት በክረምት ነበር። መኪናው ከማዶ ቆሞ መብራቱን እያበራና እያጠፋ ሲጠብቅ፣ እሷን በቃሬዛ አድርገው በላይኛው መንገድ ሊያዞሯት ሞከሩ። መንገዱ ሳያልቅ እሷም ሆነች በሆዷ የነበረው አለቁ። ትንሿም የምትወልደው በክረምት ነው፤ ማዶ የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም።

መምህርቷ ሌላ ወሬ ለማምጣት ብላ ያለችበትን ሥራ አነሳች። የመራጮች ምዝገባ ነገ ያበቃል፤ እሷም ሰው እንዲመዘገብ ከቤት ቤት እየዞረች ትናገራለች። ተመዝግበው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባ ካውያ የመራጭነት ካርዳቸው ያለበትን የደረት ኪሳቸውን ነካ አደረጉ። በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበዋል፤ የሰፈሩ ማኅበር ከየቤቱ አንድ ሰው ይመዝገብ ስላለ፣ ማኅበር ያለውን ደግሞ አይጥሱም። ነገር ግን የምርጫው ዕለት እንደማይሄዱ ቁርጡን ነገሯት።

ይህን «ከየቤቱ አንድ ሰው» የሚሉትን ነገር ካላወቅነው ታሪኩ አይገባንም። በዚያ ሰፈር ለቀብር ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ለስብሰባም፣ ለቦይ ጠረጋም እንዲሁ። መልካም ሥርዓት ነው፤ ማንም ቤት አይቀርም፣ ማንም ሥራ አይፈታም። ሰፈርተኛው ይህንኑ ደንብ ከመንግሥት ማንም ሳያዝዘው ለምርጫም አደረገው። የሚወጣው ሁልጊዜ አባወራው ነው። የአባ ካውያ ባለቤት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ድምፅ ሰጥተው አያውቁም፤ የከለከላቸው የለም፣ ሂጂ ያላቸውም የለም።

«ለምንድን ነው የማይሄዱት አባባ?» አለች መምህርቷ።

«አትልፊ ልጄ። ድምፄን ሁለት ጊዜ ሰጠሁ፤ በመጨረሻ ልጄን ሰጠሁ። ከዚህ ወዲያ ለእነሱ የምሰጠው የለኝም።»

ከዚያ የሆዳቸውን አወጡት። ያ ሁለት ጊዜ የመረጡት ሰውዬ በአምስት ዓመት አንዴ ብቅ ይላል፤ እጃቸውን ጨብጦ የኮታቸውን አተኳኮስ አድንቆ ይሄዳል፤ ከዚያ በቴሌቪዥን እንጂ በአካል አይታይም። በቴሌቪዥንም ቢሆን ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲያንጎላጅ ነው ያዩት። ልጃቸው የሞተች ጊዜ ለለቅሶ እንኳ አልደረሰም። አሁን ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ እንደገና ምረጡኝ ይላል።

መምህርቷ ሰውየውን ልትከላከልለት አልፈለገችም። አንዳንዶቹ እንደሚተኙ፣ አንዳንዶቹም ከመመረጣቸው በፊትና በኋላ አንድ ሰው እንዳልሆኑ አመነችላቸው። ለመታመን ከዚህ የሚሻል መንገድ እንደሌለ የገባት ትመስላለች። ከዚያ ግን በርጩማዋን ጠጋ አደረገች።

«የፓርላማ አባል ማለት አባባ፣ አንድ አካባቢ ሙሉ አፍ ይሁነኝ ብሎ የሚልከው ሰው ነው። ሕግ ሲወጣ፣ የአገር ገንዘብ ለዚህ መንገድ ለዚያ ድልድይ ተብሎ ሲደለደል እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ሁላችንም እዚያ አዳራሽ ገብተን መቀመጥ ስለማንችል አንድ ሰው እንልካለን።»

«እንግዲያው እኛስ ምን አጠፋን?» አሉ አባ ካውያ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮው ተጫዋችነታቸው በከንፈራቸው ዳር ሽው አለ። «እናንተ የተማራችሁት ከአንድ አገር አንድ ሰው ትልካላችሁ፤ እኛ ከአንድ ቤት አንድ ሰው እንልካለን። ያው ነው።»

እውነትም ጥያቄው ቀላል አልነበረም። መምህርቷ ጥቂት አሰበች።

«ወኪል የሚላከው ላኪዎቹ ከተጠየቁ በኋላ ነው» አለች። «እርስዎ ለምርጫ ሲወጡ እማማን ማንን ልምረጥ ብለው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

አባ ካውያ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሱ። ጠይቀው አያውቁም። ሊጠይቁ እንደሚችሉም አስበው አያውቁም። ባለቤታቸውን ይወዳሉ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድ ሳሙና ቀይረው አያውቁም፤ ምርጫን ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የውጭ ጉዳይ አድርገው ነው የያዙት።

«ደግሞም» አለች መምህርቷ ቀጥላ፣ «ኮሮጆው ውስጥ የገባው ወረቀት አንድ ነው። በወረቀቱ ላይ ይህ የአራት ሰው ነው የሚል ነገር የለበትም፤ ሲቆጠር አንድ ነው የሚባለው። ከማዶ ያለው ሰፈር ከእኛ አይበልጥም፤ ግን ባል ሚስት፣ አያት የልጅ ልጅ ሳይሉ ሁሉም ይወጣሉ። ለእጩው እነሱ ብዙ ሕዝብ ናቸው፣ እኛ ጥቂት ሽማግሌዎች። አስፋልቱ መጥቶ መጥቶ ማዶ ላይ የቆመው በእርግማን አይደለም አባባ።»

አባ ካውያ ነገሩ ሆዳቸው ገባ፤ እጅ መስጠት ግን አልሆነላቸውም። ሰውየው ቃሉን የሚበላ ከሆነ ሺህ ሰው ቢመርጠውስ ምን ይረባል አሉ። መምህርቷም ጠየቀቻቸው፤ ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሰውየው ባለፈው ምርጫ ለቅስቀሳ የመጣ ጊዜ ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«ከዚህ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ጠየቃችሁት?»

አባ ካውያ ወደ ኋላ አስታወሱ። ያን ቀን ስብሰባው የተደረገበት የሰፈሩ አዳራሽ ያፈስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከጠብታ ሲሸሹ እርስ በርሳቸው ተሳሳቁ። እጃቸውን አውጥተው የተነሱት እሳቸው ነበሩ፤ ለሰፈሩ አዳራሽ ደህና ጣሪያ እንዲሠራለት በጨዋ አነጋገር ለመኑ፤ ተጨበጨበላቸው። ሰውየውም ቃሉን አልበላም። ጣሪያው ተሠራ፤ የብረት ወንበርም ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሰውየውን «ባለ ጣሪያው» ይለው ጀመር። ስለ ፈፋው የተናገረ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ለሥራ የሚወጡት በላይኛው መንገድ ነው። ፈፋውን የሚሻገሩት ሴቶች ናቸው፤ ለገበያ፣ ልጅ ለማስከተብ፣ ለመውለድ።

«ጣሪያ» አሉ በመጨረሻ። «ጣሪያ ነው የጠየቅነው።»

መጋረጃው ገለጥ አለ። ባለቤታቸው መርፌና ክራቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው ነበር፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«እኔ ብሄድ ኖሮ ድልድዩን እጠይቀው ነበር» አሉ።

«ምነው ታዲያ ለእኔ ብትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ። ያን ቀን ጫማህን ስታስር አጠገብህ ቆሜ ስለ ፈፋው ንገራቸው አልኩህ። እሺ ብለህ ወጣህ።»

ሴትዮዋ ይህን ያሉት ሊወቅሱ አልነበረም፤ እንዲያውም ቶሎ ብለው ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። ቢጮሁባቸው ይሻል ነበር። አባ ካውያ በዚያች ሰዓት የልጃቸውን ሞት ሁለተኛ ሰሙ። ባንኮኒውን ተደገፉ፤ እንባቸው ሲወርድ አልሸሸጉትም። ትንሿ ልጃቸው ካውያውን ከእጃቸው ወስዳ አስቀመጠች።

ከዚያ እንዳጠፉ፣ መምህርቷ ያለችው ሁሉ ልክ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚህ ቤት ማንም ሰው ሌላውን ተክቶ ሲሄድ እንደማያዩ፣ ነገ ባለቤታቸውም ልጃቸውም እንደሚመዘገቡ፣ የመንደሩን አባወራዎችም ዛሬውኑ ዞረው እንደሚያሳምኑ ማሉላት።

«ለእኔ ተይው ልጄ» አሏት።

ዝናቡ አባርቶ ነበርና መምህርቷ ደስ ብሏት ሄደች። ለእሳቸው ተወችው። በኋላ ራሷን ስትወቅስ የኖረችው በዚህ ነው።

ሽማግሌው ያን ምሽት በየደጁ ሲዞሩ ያየ ሰው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይላቸው ነበር። አናጢውን አሳመኑ፣ ዳቦ ጋጋሪውን አሳመኑ፣ ነገር የማይዋጥለትን ጡረተኛውን ሹፌር ሳይቀር እሺ አሰኙት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ምዝገባው በሚካሄድበት በዚያው አዳራሽ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ታየ። አባ ካውያ ከፊት ናቸው፤ የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። በእጃቸው የባለቤታቸውንና የልጃቸውን መታወቂያ ይዘዋል። ከኋላቸው አናጢው የሚስቱንና የእናቱን ይዟል፣ ዳቦ ጋጋሪው የቤተሰቡን ሁሉ በላስቲክ አስሮ ይዟል። በሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም። እናንተ ቤት ዋሉ፣ እኛ እናስመዘግባችኋለን ብለዋቸው ነው የወጡት፤ ከየቤቱ አንድ ሰው።

መዝጋቢው ወጣት መታወቂያዎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ባለቤቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። እያንዳንዱ ሰው ራሱ ቀርቦ፣ ራሱ ፈርሞ ነው የሚመዘገበው አላቸው። አባ ካውያ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ እኔ አባወራው ቆሜ የለሁም ወይ በሚል ዓይን አዩት። ወጣቱም በትሕትና ደግሞ አስረዳቸው። ያኔ ገባቸው። ያ ሁሉ ሽማግሌ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደየቤቱ ሮጠ።

ባለቤታቸው እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ነበር፤ ታጥበው ነጠላቸውን እስኪደርቡ፣ ትንሿ ልጅ ሆዷን ደግፋ ዳገቱን እስክትወጣ ሰዓቱ ሄደ። ሲደርሱ መዝጋቢው መዝገቡን ዘግቶ ያሽግ ነበር። አባ ካውያ ለመኑት። እሱም ከልቡ አዘነ፤ ከሰዓቱ በኋላ አንድ ስም ቢጨምር የምርጫ ጣቢያው ምዝገባ በሙሉ እንደሚሰረዝ ነገራቸው። አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹም ሴቶች እየተንጠባጠቡ ደረሱና በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ አዳራሹን ከውስጥ ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነው። የአባ ካውያ ባለቤት ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ አዩ።

«ጥሩ ጣሪያ ነው» አሉ።

የምርጫው ዕለት አባ ካውያ አንቀርም ብለው ሁለቱንም ሴቶች ይዘው ወጡ። እንደማያስገቧቸው ያውቃሉ፤ ብቻቸውን መሄድ ግን አፈሩ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባለ ጣሪያው፣ ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያው ለብዙ ጊዜ የሠራች አዋላጅ። ከምርጫ ጣቢያው በር ሲደርሱ ሽማግሌው ቆም አሉና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ማንን ልምረጥልሽ?»

ባለቤታቸው ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእሳቸው የቀረበ መሆኑን እስኪያምኑ ጊዜ ፈጀባቸው።

«ልጄ ሳትሞት ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን ነበረበት» አሉ። ቀጥለውም፣ «አዋላጇን» አሉ፤ «ፈፋውን ታውቀዋለች።»

አባ ካውያ በልባቸው ሌላ ነገር ይዘው ከነበረ እንጃ። ገብተው የተባሉትን መርጠው ወጡ። ትንሿ ልጃቸውም አውራ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም አየች፤ እሷን የጠየቃት አልነበረምና ፊቷን አዞረች።

አዋላጇ ተሸነፈች። ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም። መምህርቷ ያን ዕለት ቤታቸው የዋሉትን የሰፈሩን ሴቶች በልቧ ስታሰላ አደረች፤ የደረሰችበትን ግን ለአባ ካውያ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። የሚያውቁ ይመስላሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የማኅበር ስብሰባ ሽማግሌው ባለቤታቸውንና ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። ወንዶቹ ተንሾካሾኩ። አባ ካውያ ቆመው ተናገሩ።

«ወንድሞቼ፣ ለቀብር አንድ ሰው ይበቃል፤ ቀባሪ ሆኖ የቆመ ሁሉ የሚያዝነው አንድ ዓይነት ነው። ለስብሰባና ለምርጫ ግን አይበቃም፤ ሁሉም የሚጎድለው የተለያየ ነው። እኔ የጎደለኝ ጣሪያ ነበር፣ የሚስቴ ድልድይ ነበር። ሚስቴ ገብታ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። በሚቀጥለው ምርጫ ዕድሜው የደረሰ ሁሉ በራሱ እግር ሄዶ ይመዝገብ፤ ያኔ ለሚመረጠው ሰው ትልቅ ሰፈር እንሆናለን፣ ሳይመጣ የሚቀር አይኖርም። የመረጥነውም ያልመረጥነውም ቢሆን የእኛው የፓርላማ አባል ነውና እስከዚያው ሴቱም ወንዱም ቢሮው ድረስ ሄደን እንጠይቀው። ስንጠይቅ ደግሞ የሚሻገሩት ይናገሩ።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ነገር የማይዋጥለት ጡረተኛው ሹፌር እንኳ ልክ ነው አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅበሩ ስብሰባና ምርጫ ለሁሉም እንዲሆን ወሰነ፤ ሰዎቹም እንደ ወሰኑት አደረጉ። ወደ ባለ ጣሪያውም ቢሮ ሄደው ነበር። ሴቶቹ ተናገሩ፣ እሱም በጥሞና አደመጠ፣ በእርግጥም ማስታወሻ ያዘ፤ የዘንድሮው በጀት ተደልድሎ አልቋል፣ ለወደፊቱ እናየዋለን ብሎ ሸኛቸው።

ከቢሮው ሲመለሱ ሰማዩ ጠቁሯል። የክረምቱ መግቢያ ነው። አባ ካውያና ባለቤታቸው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ትንሿ ልጃቸው ወሯ ገብቷልና ከፊታቸው ወገቧን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች።

«እስከሚቀጥለው ምርጫ ስንት ክረምት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ይኸኛውን ጨምሮ አምስት» አሉ አባ ካውያ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከልጃቸው ጀርባ ላይ ሳይነቅሉ፣ «እንግዲህ ይኸኛው ነው» አሉ።